ነውሩ የማን ነው?

ሁለት ልቦለዶችንና አንዲት ከተማን መነሻ ያደረገ ሂስ

ነውር የሚለውን ቃል ከግዕዝ ወርሰነዋል። ጥንታዊ ፍቺው ጉድለት ወይም እንከን ነው። ለመሥዋዕት የሚቀርብ ጠቦት ነውር የሌለበት ይሁን ሲባል፣ ዐይኑ ያልጠፋ፣ እግሩ ያላነከሰ፣ ቆዳው ያልቆሰለ ይሁን ማለት ነበር። ጎረቤቶቻችን ዐረብኛ ተናጋሪዎች «ዐይብ» የሚሉት ቃልም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። በገበያ ላይ የሸቀጥ ጉድለት ማለት ነው፤ በሰፈር ውስጥ ደግሞ አሳፋሪ ድርጊት ማለት ነው። ካርቱም የገባ የእኛ ሰው ቃሉን መጀመሪያ ሲሰማ የሚበላውን አይብ እያስታወሰ ይስቃል። ውሎ ሲያድር ግን ቃሉ የሚያስቅ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከጠቦት ገላና ከሸቀጥ ተነሥቶ ወደ ሰው ጠባይ የተሸጋገረው ቃል በሁለቱም አገሮች የሰውን ኑሮ እስከ መወሰን የሚደርስ ሥልጣን አግኝቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነውር የሚባለውን ሁሉ ለማውገዝ አይደለም። ነውር የማያውቅ ኅብረተሰብ ከቶ የለም፤ ቢኖርም አብሮ ለመኖር የሚያስቸግር ይሆን ነበር። ሕዝባችን «ነውር ጌጡ» ብሎ የሚጠራው ሰው ማንም ጎረቤት እንዲሆነው የማይመኘው ሰው ነው። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ነውር ድርጊትን የሚመዝን ሚዛን ነው ወይስ ሰውን? አንድ ድርጊት አንዱ ሲፈጽመው ጨዋታ፣ ሌላው ሲፈጽመው ውርደት ከሆነ የተመዘነው ድርጊቱ አይደለም ማለት ነው። ይህን ጥያቄ በአንድ የሱዳንና በአንድ የኢትዮጵያ ልቦለድ አማካይነት እንመርምር፤ ከዚያም ከመጽሐፉ ወጥተን ካርቱም ከተማ ውስጥ ነውር ሕግ በሆነ ጊዜ ምን እንደደረሰ እንመልከት።

በቅድሚያ ስለ ይሉኝታ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ሐሳብ የመነጨ ነው። ሰው ብቻውን ሳለ እንኳ ጎረቤቱ እንደሚያየው ሆኖ እንዲኖር ያደርገዋል። በዚህ ረገድ ብዙ መልካም ነገር አትርፈንበታል። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት፣ የሙት ልጅን ገንዘብ አለመንካት፣ እየተራበ ያለ ሰው ፊት ብቻ አለመብላት፣ ወላጅን አለመሳደብ፣ ለቅሶ አለመቅረት፣ ሁሉም በይሉኝታ ተጠብቀው የኖሩ ናቸው። እነዚህን ብናጤናቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ደካማውን ከብርቱው ይጠብቃሉ፤ ለባለጸጋውም ሆነ ለድሃው፣ ለወንዱም ሆነ ለሴቷ እኩል ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ሌላ ወገን አለ። በማሠልጠኛ ተቋማችን ለዕጩ መምህራን በየትውልድ ቀያቸው ነውር የሚባሉትን ነገሮች በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዲዘረዝሩ ሲሰጣቸው ሰሌዳው በቶሎ ይሞላል። በመንገድ እየሄዱ መብላት፣ ሴት ልጅ ማፏጨት፣ ሴት ዶሮ ማረድ፣ ምራት አማቷን በስም መጥራት፣ ወንድ ጓዳ ገብቶ ወጥ መሥራት፣ ሴት በሽማግሌ ፊት ቀድማ መናገር፣ ከሸክላ ሠሪ ወይም ከቀጥቃጭ ጋር መጋባት፣ ሌላም ሌላም። ቀጥሎ በየአንዳንዱ ትይዩ «ይህ ለማን ነው ነውር?» የሚለውን ጻፉ ሲባሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አብዛኛው መልስ ወይ ሴት ነው፣ ወይ ድሃ ነው፣ ወይ ባለ እጅ ነው። ወንድ ጓዳ መግባቱ እንኳ ነውር የተባለው የሴት ሥራ በመሥራቱ ነው። ይህ ጸጥታ ለሂሳችን ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፎቹ እንለፍ። የሱዳኑ ደራሲ አጥ-ጠዪብ ሷሊሕ በ1929 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሱዳን ካርመኮል በተባለች መንደር ተወለዱ፤ በካርቱም ተማሩ፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በውጭ አገር አሳልፈው በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አረፉ፤ አስከሬናቸውም ኦምዱርማን ተቀበረ። በ1966 እ.ኤ.አ. በዐረብኛ ያሳተሙት «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» የተሰኘው ልቦለድ በ1969 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በዓለም ታውቋል። ብዙ ሐያስያን መጽሐፉን የሚያነቡት የምሥራቅና የምዕራብ ግጭት አድርገው፣ ትኩረታቸውንም በሙስጠፋ ሰዒድ የለንደን ሕይወት ላይ አድርገው ነው። ለእኛ ለመምህራን ግን ይበልጥ የሚነካን በዓባይ ዳር ባለችው መንደር የሚፈጸመው ነገር ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ገጸ ባሕርይ የሙያ ባልደረባችን ነው። አውሮፓ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተማረ፤ ኋላም በትምህርት ሚኒስቴር ሹም ሆነ። ሙስጠፋ ሰዒድ በጎርፍ ወቅት ከመንደሩ ሲጠፋ የሚስቱና የልጆቹ አደራ በዚህ ሰው ላይ ወደቀ። ሚስቲቱ ሑስና ቢንት ማሕሙድ ትባላለች። ወድ ረዪስ የተባለ፣ ሚስት እያገባና እየፈታ የኖረ ሽማግሌ ሊያገባት ይፈልጋል። እሷ አልፈልግም ትላለች፤ ካስገደዱኝ እሱንም ራሴንም እገድላለሁ ትላለች። መንደሩ አልሰማትም። አባቷ ደብድቦ ዳራት። በመጨረሻ እንዳለችው አደረገች።

ደራሲው ነውርን የሚያሳዩበት ጥበብ በንጽጽር ነው። በመንደሩ ውስጥ ቢንት መጅዙብ የምትባል አሮጊት አለች። ታጨሳለች፣ ትጠጣለች፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጣ ስለ ሞቱት ባሎቿ ጆሮ የማይሰማውን ትናገራለች፣ እንደ ወንድ በፍቺ ትምላለች። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ማንም ነውር አላላትም። ምክንያቱም ንግግሯ ከሥርዐቱ ውስጥ አንዲት ጡብ አያነቃንቅም፤ እንዲያውም ሽማግሌዎቹን ያስደስታቸዋል። ሑስና ግን ያደረገችው የመጀመሪያ ነውር ምን ነበር? ከወድ ረዪስ እንዲያድናት ተራኪው ለስሙ ያህል እንዲያገባት ሽማግሌዎቹን መለመኗ ነበር። ሴት ወንድን ጠየቀች! የተራኪው እናት ሳይቀሩ በዚህ ድፍረት ተገረሙ። ሴትን ያለ ፈቃዷ መዳር ነውር አልነበረም፤ ሴት ራሷን ለማዳን አፏን መክፈቷ ግን ነውር ሆነ።

ከግድያው በኋላ ያለው ምዕራፍ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። መንደርተኛው ስለ ተፈጸመው ነገር መናገር አይፈልግም። ተራኪው እውነቱን ለማግኘት ለቢንት መጅዙብ መጠጥ ማቅረብ ግድ ሆነበት። የልብ ወዳጁ መሕጁብ፣ በመንደሩ የልማት ጉዳይ ሁሉ ግንባር ቀደም የሆነው ሰው፣ ሟቿ ቀብር እንኳ እንደማይገባት ይናገራል። ከመንደሩ ሁሉ ሐቁን በአጭሩ የምትናገረው መብሩካ የተባለችው የወድ ረዪስ የመጀመሪያ ሚስት ናት። የእጁን አገኘ ብላ ወደ እንቅልፏ ትመለሳለች። በዚህች አንዲት ሴት አንደበት ደራሲው የመንደሩን ሚዛን ገለበጡት።

ይሁንና መጽሐፉ ከጉድለት የጸዳ አይደለም። ሑስናን የምናውቃት ሌሎች ሲያወሯት ነው። እሷ ራሷ የምትናገርባቸው ገጾች እጅግ ጥቂት ናቸው። ተራኪው ሲያነጋግራት እንኳ በጨለማ ውስጥ ድምፅዋንና ሽቶዋን ብቻ እንድናስተውል ያደርገናል። ነውር የተባለችውን ሴት አፍ የዘጋት መንደሩ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ አነጋገርም በከፊል ዘግቷታል። ደራሲው ይህን ያደረጉት ሆነ ብለው፣ የተራኪውን ፍርሃት ለማሳየት ነው የሚል ሐያሲ ይኖር ይሆናል። አሳማኝ ነው። ቢሆንም አንባቢው የመጽሐፉን ግማሽ ስለ ሙስጠፋ ሰዒድ የለንደን ገድል ሲያነብ ቆይቶ ስለ ሑስና ግን ይህን ያህል ጥቂት ማወቁ የሚዛን ጉድለት ነው።

የእኛው ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሌላ መንገድ ወደዚሁ ጥያቄ ይደርሳል። ይህን መጽሐፍ ብዙው ሕዝብ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጆሮው አንብቦታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል በትውልድ የሚመጥን ባል የለም እያሉ ልጃቸው ዕድሜዋ ያልፋል። ከድሃ ቤት የተወለደውና ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህ አስተማሪዋ ይሆናል፤ ይዋደዳሉ። እንግዲህ ነውሩ የቱ ጋ ነው? ባላገሩን ማስጨነቅ በፊታውራሪው ዘንድ ነውር አይደለም። የባላባት ልጅ የድሃ ልጅ መውደዷ ግን ሞት የሚያሰኝ ነውር ነው። ይህን በግልጽ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ ነው። ልማድን እየመረመረ የሚጠይቅ ሰው ስለሆነ አገሩ «ጉዱ ካሳ» አለው። ነውርን የመረመረ ሰው ራሱ ጉድ ተባለ!

ሁለቱን ደራሲዎች ስናነጻጽር የየራሳቸው ብርታትና ድካም ይታያል። ሐዲስ አለማየሁ ሐሳባቸውን በጉዱ ካሳ አንደበት በረዥሙ ያስረዳሉ። ለተማሪ ግልጽ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ገጸ ባሕርይው ሰው መሆኑ ቀርቶ ንግግር ይሆናል። አጥ-ጠዪብ ሷሊሕ ግን አያስረዱም፤ የቢንት መጅዙብን ሳቅና የሑስናን ዝምታ ጎን ለጎን አስቀምጠው ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋሉ። በሌላ በኩል ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ጠፍታ ወዳጇን ፍለጋ መንገድ ስትገባ ከእርሷ ጋር እንሄዳለን፤ ድካሟንና ተስፋዋን እንካፈላለን። ይህን ዕድል ሑስና አላገኘችም። ሁለቱም ሴቶች ግን መጨረሻቸው መቃብር ነው። ሁለቱ ደራሲዎች ሳይመካከሩ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ነውር የሚበረታው ከታች ባለው ላይ ነው።

ይህ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ጽሑፋችን እዚህ ባበቃ ነበር። አጥ-ጠዪብ ሷሊሕ የተማሩባት ካርቱም ግን ነውር በወንጀል ሕግ አንቀጽ ሆኖ ሲሠራ ያየች ከተማ ናት። በምሥራቃዊ ጫፏ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ ሰፈር የሐሰን አት-ቱራቢ መኖሪያ ቤት ይገኝ ነበር። ቱራቢ በ1989 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘው መንግሥት ዋነኛ አሳቢ ነበሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. ከፕሬዚዳንት ዑመር አል-በሺር ጋር በተለያዩ ጊዜ የሱዳን ሕዝብ ጠቡን «ቤተ መንግሥቱና ማንሺያ» ብሎ ሰይሞታል። የአንድ ሰፈር ስም የአንድ የፖለቲካ ወገን ስም ሆነ ማለት ነው።

በዚያ መንግሥት ዘመን የወጣው የ1991 እ.ኤ.አ. የወንጀል ሕግ 152ኛ አንቀጽ አሳፋሪ ድርጊት የፈጸመ ወይም የሕዝብን ስሜት የሚያስቀይም ልብስ የለበሰ ሰው እስከ 40 ጅራፍ፣ ወይም በገንዘብ፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ይደነግግ ነበር። አሳፋሪው ልብስ የትኛው እንደሆነ ግን ሕጉ አልዘረዘረም። ስለዚህ ፍርዱ በፖሊሱ ዐይን ላይ ወደቀ። በሐምሌ ወር 2009 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛ ሉብና ሑሴን ከሌሎች ሴቶች ጋር ካርቱም ምግብ ቤት ውስጥ ሱሪ ለብሰዋል ተብለው ተያዙ። አብረዋቸው ከተያዙት አብዛኞቹ ጥፋተኛ ነን ብለው ተገረፉ። ጋዜጠኛዋ ግን በተባበሩት መንግሥታት ሥራቸው ያገኙትን ያለመከሰስ መብት ትተው ችሎት ቀረቡ፤ 500 የሱዳን ፓውንድ ተፈረደባቸው፤ አልከፍልም ብለውም እስር ቤት ገቡ። ስማቸው በዓለም ስለተሰማ ከጅራፍ ዳኑ። ስም የሌላቸው ግን ብዙ ነበሩ።

ከእነዚያ ስም ከሌላቸው መካከል የእኛ አገር ልጆች ይገኙበታል። በካርቱም መንገድ ዳር በትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻይና በጀበና ቡና የሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ ከጦርነት የተፈናቀሉ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። የሕዝብ ሥነ ሥርዐት ፖሊስ ዕቃቸውን ይወርስ፣ እነሱንም ችሎት ያቀርብ ነበር። አገር ቤት ቡና ማፍላት የሴት ልጅ ጨዋነት መለኪያ ነው፤ መንገድ ዳር ለባዕድ ወንድ ሲቀዳ ግን በካርቱም ዐይብ ሆነ። ቡናው አልተለወጠም፤ ጀበናውም አልተለወጠም። የተለወጠው የቀጂዋ ደረጃ ነው። ቡናውን የሚጠጣው ወንድ ግን ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ይህን ስንል ሱዳንን ብቻ መውቀሳችን አይደለም። በእኛም ከተሞች ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆቿን ያስተማረችው እናት በቅጽል ስትጠራ፣ ቤቷ ተቀምጦ ያመሸው ሰው በማግሥቱ በሽማግሌነት ይቀመጣል።

የሱዳኑ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ያ መንግሥት አጥ-ጠዪብ ሷሊሕን መጽሐፍ ነውረኛ ነው ብሎ ለተወሰኑ ዓመታት ከልክሎታል። የመንደሩን ነውር ያሳየው መጽሐፍ ራሱ ነውር ተባለ። የሚገርመው ደግሞ ቱራቢ ራሳቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ሴት ጸሎት መምራት ትችላለች፣ ሙስሊም ሴትም ክርስቲያን ማግባት ትችላለች የሚል አስተያየት ሲሰጡ፣ አንዳንድ የሃይማኖት ሊቃውንት ንስሐ ይግቡ ብለው ተነሡባቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስም ክርክሩ አልበረደም። ነውርን በሕግ ሰይፍ ያስታጠቀ ሰው ሰይፉ ወደ ራሱ እንደማይዞር ዋስትና የለውም። የሕዝብ ሥነ ሥርዐት ሕጉ በኅዳር ወር 2019 እ.ኤ.አ. ከሕዝቡ አመጽ በኋላ ተሻረ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሴት ልጅ ግርዛት በሕግ ወንጀል ሆነ። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው ጦርነት ከተማዪቱን አፈራረሰ፤ የማንሺያ ባለ ቪላዎችም የሻይ ሻጮቹም በአንድ መንገድ ተሰደዱ።

ታዲያ ሕግ ከነውር ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኑረው? ከራሳችን ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መሳደብን ከልክለዋል። እዚህ ላይ ሕጉ የቆመው ከተናቀው ጎን ነበር። ሆኖም አዋጁ በወጣ ከመቶ ዓመት በኋላም ቡዳ የሚለው ስም ከብዙ መንደር አልጠፋም። በሌላ በኩል የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርግም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ልጅቱን ከነውር ያድናታል በሚል ግምት ከጠላፊዋ ጋር አሰራት። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሕግ ብቻውን ነውርን እንደማይተክልም እንደማይነቅልም ነው። መትከሉም መንቀሉም የሚፈጸመው በቤት፣ በመንደርና በክፍል ውስጥ ነው።

ክፍል ካልን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጅ ስታረግዝ ትምህርቷን ትታ ትጠፋለች። ያስረገዛት ልጅ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ፈተናውን ይፈተናል። አንዳንዴ ያስረገዘው ተማሪ አይደለም፤ እሱም በዚያው ደመወዙን ይቀበላል። ሌላዋ በወር አበባዋ ቀን ልብሷ ሲነካ ወንዶቹ ይስቃሉ፤ እሷም ሳምንቱን ትቀራለች። የተፈጥሮ ሳይንስ መምህሩ ምዕራፉ ሲደርስ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ሁሉ በእኛ ዐይን ፊት የሚፈጸም ነው። ነውሩ የማን ነው ብለን ሳንጠይቅ ካለፍን፣ መልሱን ለልጅቱ ሰጠናት ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ሁለቱ ልቦለዶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጎን ለጎን ቢታዩ ጠቃሚ ይሆናል። መጽሐፎቹ ያላችሁባቸው ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ቢሆኑም አንድ ምዕራፍ አንብቦ ታሪኩን መተረክ ይቻላል። ለተማሪዎቹ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ይህን ድርጊት ነውር ያለው ማን ነው? ቅጣቱ የወደቀው በማን ላይ ነው? አብሮ አድርጎት ሳይነካ ያለፈውስ ማን ነው? እናንተም ተማሪዎች እነዚህን ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ወደ ሰፈራችሁ ውሰዷቸው። ሦስቱን ፈተና አልፎ የሚቀር ነውር ካለ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራና ደካማውን የሚጠብቅ ነውና አክብሩት። ሽማግሌ ሲገባ ተነሡ፤ የተራበ ፊት ብቻችሁን አትብሉ። የማያልፍ ከሆነ ግን ምንም ያህል አሮጌ ቢሆን ከወግ አትቁጠሩት።

በአጥ-ጠዪብ ሷሊሕ መጽሐፍ ውስጥ ከወድ ረዪስ ይልቅ የሚከነክነን ተራኪው ነው። ወድ ረዪስ ያሰበውን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። ተራኪው ግን ተምሯል፣ አስተምሯል፣ በትምህርት ጉባኤ ላይ ከአፍሪካ ሚኒስትሮች ጋር ተቀምጧል፤ አንዲት ሴት በአደራ ተሰጥታው ስትለምነው ግን የመንደሩን አፍ ፈርቶ ዝም አለ። ይሉኝታ ያዘው። በልቦለዱ ውስጥ ቢላዋ ያነሣችው ሑስና ናት፤ ከዚያ በፊት ግን ሊናገር ሲችል ዝም ያለ መምህር ነበር። በየክፍላችን ውስጥ ደግሞ ቢላዋ ሳታነሣ፣ ደብተሯን ብቻ ይዛ የምትወጣ ልጅ አለች። ከደጃፉ ሳታልፍ ስሟን የሚጠራት መምህር ያስፈልጋታል።